ስለ ወገብ ዲስክ ሕመምና ስለ ሕክምናው

የራያ ቆላ ገበሬ ኑሮው የቆመው በወገቡ ላይ ነው። በቆቦ ሜዳ ማሽላውን ሲያርም፥ ጤፉን ሲያጭድ፥ ነዶውን ሲሸከም የሚጎነብሰው በዚሁ ወገብ ነው፤ ሚስቱም ውሃና እንጨት የምታዝለው በእርሱ ነው። ስለዚህ ወገብ የታመመ እንደ ሆነ ጉዳቱ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ይተርፋል።

ሕመሙ በመጣ ጊዜ አንዳንዱ በሬውን ሸጦ ለቀዶ ጥገና ወደ አዲስ አበባ ይሮጣል፤ ሌላው ደግሞ እግሩ እስኪከዳው ድረስ በቤቱ ተኝቶ በወጌሻ ይታሻል። ብዙ ጊዜም የሚቸኩለው መታገሥ የሚገባው፥ የሚታገሠውም መቸኮል የሚገባው ሆኖ ይገኛል።

ዲስክ የሚባለው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠ፥ ውጭው ጠንካራ ውስጡ ለስላሳ የሆነ አካል ነው። ውጭው ሲሰነጠቅ ውስጡ ይወጣና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል፤ ከመቀመጫ እስከ ባት የሚወርደው ሕመምና መደንዘዝ ከዚህ የተነሣ ነው። ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ይህን ገልጠው ከጻፉ ወዲህ ቀዶ ጥገናው በዓለም ተስፋፋ። ነገር ግን የወጣው ዲስክ ብዙ ጊዜ በራሱ እየሟሸሸ እንደሚቀንስ፥ ከሕመምተኞቹም የሚበዙት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና እንደሚሻላቸው በኋላ ታወቀ። በሆላንድ አገር ሕመሙ ከ6 እስከ 12 ሳምንት የቆየባቸው 283 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ ቶሎ ቀዶ ጥገና እንዲደረግላቸው፥ እኩሌቶቹ እንዲታገሡ ተደረገ፤ ውጤቱም በ2007 ታተመ። ቶሎ የታከሙት ፈጥኖ ቀለላቸው፤ ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱ ወገን መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ይሁን እንጂ ታገሡ ከተባሉት ከመቶ 39 የሚሆኑት ሕመሙ ስላልተዋቸው በኋላ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋልና፥ ቢላዋውን ጨርሶ መናቅም አይገባም።

መታገሥ ሲባል ተኝቶ መዋል ማለት አይደለም፤ ብዙ መተኛት ሰውነትን ያደክማል እንጂ አይፈውስም። የሚጠቅመው ሕመሙ እንደ ፈቀደ መራመድ፥ ሐኪም ያዘዘውን ማስታገሻ በመጠኑ መውሰድ፥ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየተመሩ ጡንቻን ማጠንከር፥ ከባድ ሸክምንም ለጊዜው መተው ነው። በጀርባ የሚወጋ መርፌም አለ፤ ዕፎይታው ግን ጥቂትና ጊዜያዊ ነው። ወጌሻ ለወለምታ የተከበረ ቢሆንም፥ ነርቭ የተጫነበትን ወገብ በኀይል ማጠማዘዝ አደጋ አለው። በኅዳር ማሽላው ደርሶ ሳለ ገበሬውን ሸክም ተው ማለት በእርግጥ ቀላል ምክር አይደለም፤ ደቦ ግን ለዚህ ጊዜ ካልሆነ ለመቼ ነው?

ከቶ ሊዘገይ የማይገባው ሌላ ነው። ሽንት የከለከለው ወይም ሳያውቀው የሚያመልጠው፥ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘ፥ እግሩ እየዛለ የሚሄድ ሰው የሚቈጠርለት በሰዓት ነው፤ በ2 ቀን ውስጥ ነርቩ ካልተለቀቀለት ሽንቱን መቈጣጠርና መራመድ እንደ ተሳነው ሊቀር ይችላል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ጥገና ትምህርት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ከተጀመረ ወዲህ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ ሐኪሞች ተገኝተዋል፤ የሚበዙት ግን ከቆቦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው ዋና ከተማ ናቸው።

ስለዚህ ሹማምንት፥ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተዘረፉት የሰሜን ወሎ ሆስፒታሎች ሲደራጁ፥ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምራቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ለቆቦና ለወልድያ እንዳይጎድል ሊያስቡበት ይገባል። አምቡላንሱም ምጥ የያዛትን እናት እንደሚያነሣ ሁሉ ሽንት የከለከለውን የወገብ ሕመምተኛ ያንሣ። ካህናትም ድርሻ አላቸው፤ ሕመምተኛውን ጸበል የሚያጠምቁት ወደ ሐኪም ከመሄድ አያግዱት። ሕዝቡ ሽንት ከለከለኝ ብሎ ለመናገር ያፍራል፤ ለንስሐ አባቱ፥ በሙስሊሙም ወገን ለሼሁ ግን ይነግራል። እነርሱም ሊጠይቁ በገቡ ጊዜ ይህን አስቀድመው ይጠይቁት፤ አዎን ያለ እንደ ሆነ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ያስይዙት።