አንድ ማማ በአንድ ጉብታ

አንባቢ ሆይ! ሌጎ በሚባለው የዴንማርክ መጫወቻ ጡብ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ በመዳፍህ ልክ ልትሠራ ብትነሣ፥ መጀመሪያ የሚያጓጓህ መስኮቱ ነው። እርሱን ተወው።

በቺካጎ ያለውን፥ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ዊሊስ ታወር የተባለውን የቀድሞውን ሲርስ ታወር እንውሰድ። ቁመቱ 442 ሜትር ነው። የተሠራው ጎን ለጎን በታሰሩ ዘጠኝ ባለአራት ማዕዘን ማማዎች ሲሆን፥ የያንዳንዱ ወርድ 23 ሜትር ያህል ነው። በጡቡ አናት ላይ ያለችው ክብ ጉብታ የምትይዘው ስፍራ 8 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ለአንድ ማማ አንድ ጉብታ ስጥ፤ መሠረቱ ሦስት በሦስት ይሆናል። የጡቡ ከፍታ 9.6 ሚሊሜትር ነውና፥ ያ ሁሉ ቁመት 16 ጡብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። (አስላው፤ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።)

ከአራቱ የማዕዘን ማማዎች ሁለቱ ትይዩዎች በ50ኛው፥ ሁለቱ በ66ኛው ፎቅ ያበቃሉ። ሌሎች ሦስት 90ኛው ላይ ይቀራሉ፤ የመካከሉና የምዕራቡ እስከ ላይ ይዘልቃሉ። በጡብ ሲቆጠር 7፥ 10፥ 13 እና 16 መሆኑ ነው። ደረጃዎቹን ካሳሳትህ ግን የቆመው ተራ ምሰሶ ነው፤ የቺካጎ ሰው እንኳ አያውቀውም። ደግሞም ዘጠኙን ለየብቻ አትከምር፤ ረዘም ያሉ ጡቦችን እያፈራረቅህ እሰራቸው።

የጠፈር መርከብ ይከብዳል፤ የሚመሳከርበት የለውምና። መጠኑን የምትናገርልህ ከፊት የምትሰካት መስታወት መሰል ቁራጭ ናት። ሰፋ ካለች መርከቡ ያንድ ሰው ይሆናል፤ ያችኑ ብታሳንሳት መቶ ሰው ይጭናል።