ደወሉን ተክሎ መሄድ ሥራ አይባልም



በከተማችን በአዲስ አበባ ከግንቡ አጥር፣ ከውሻውና ከዘበኛው ሌላ የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል ማስተከል እየተለመደ መምጣቱን፣ በየሰፈሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ከጣሪያ ሥር የተሰቀለውን ጡሩምባ ተመልክቶ ሊረዳው ይችላል። ነገሩ መልካም ነው፤ እኔም እንጀራዬን የማገኘው ይኸንኑ ደወል በመትከልና በመጠገን ነው። ይሁን እንጂ አያሌ ባለቤቶች ደወሉን እንደ ሬዲዮ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ አድርገው ስለሚቆጥሩት፣ ሻጮችም ይኸንኑ እምነት ስለሚያጠነክሩላቸው፣ በበኩሌ ያለኝን አሳብ በአንባቢዎች ዓምድ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

በሩ ላይ አንድ ማግኔት፣ በመቃኑ ላይ ደግሞ ከርሱ ትይዩ አንድ ትንሽ ማብሪያ ይደረጋል። በሩ ሲከፈት ማግኔቱ ስለሚርቅ በሽቦው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ይቋረጥና ሣጥኑ ይጮኻል። አሳቡ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ኦገስተስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ በርና መስኮት ሲከፈት የሚጮኽ የኤሌክትሪክ ደወል ሠርቶ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1853 ሲሆን፣ ኤድዊን ሆምስ የተባለው ነጋዴ መብቱን ገዝቶ ደወል መትከልን መተዳደሪያ ሥራ አደረገው። በክፍሉ ማዕዘን የሚሰቀለው ሌላው መሣሪያ ደግሞ የሚንቀሳቀስን ሰው የገላ ሙቀት የሚለይ ነው።

እነዚህ ሁሉ ግን የሚታመሙ ነገሮች ናቸው። የእንጨት በር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ማግኔቱም ከቦታው ፈቀቅ ይላል። ሸረሪት በሙቀት ለዪው መሣሪያ ፊት ድሯን ስታደራ፣ ወይም የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ስትመታው፣ ሰው የገባ መስሎት ይጮኻል። ሌባ ሲመጣ በስልክ እንዲጠራ በተሠራው ደወል ውስጥ የገባው ሲም ካርድ ደግሞ ሒሳቡ ካለቀ ወራት አልፎት፣ ባለቤቱ ግን ሳያውቅ ሲቀር ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ከሁሉ የሚብሰው የባትሪው ነገር ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ባትሪ በብዙ ቤት 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ነው። ሣጥኑና መሣሪያዎቹ አንድ ላይ የአንድ አምፔር ሦስት ዐሥረኛ ቢወስዱ፣ አዲሱ ባትሪ መብራት ከጠፋ በኋላ 23 ሰዓት ያህል ሊያቆየው ይገባል። ነገር ግን የባትሪው ዕድሜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ኃይሉ በግማሽ ሲቀንስ ሰዓቱም በግማሽ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ሲሞት ደግሞ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ደወሉም አብሮ ይጠፋል። መብራት የጠፋበት ሌሊት ደግሞ ሌባ የሚወደው ሌሊት ነው።

አንድ ጊዜ ሌባ ወደ ገባበት ቤት አዲስ ደወል እንድተክል ተጠርቼ ሄድኩ። ነባሩን ሣጥን ብከፍተው ባትሪው አብጦ ጎኑ ተሰንጥቋል፤ የተከለው ሰው በላዩ ከጻፈው ቀን ጀምሮ 7 ዓመት አልፎታል። ለቤቱ እመቤት፦ «እትዬ፣ ይህ ደወል ከሞተ ቆይቷል» ብላቸው፣ «ታዲያ መብራቱ ይበራ የለም እንዴ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ቆጣሪው እስካለ ድረስ መብራቱ ይበራል። እርሳቸው ግን ደወሉ ያልጮኸው የውስጥ ሰው ስላጠፋው ነው ብለው ዘበኛውን አስይዘውት ኖሯል። ሁለት ሌሊት በፖሊስ ጣቢያ አድሮ ተለቀቀ። ባትሪውን አውጥቼ ባሳየኋቸው ጊዜ እጅግ አዘኑ፤ ዘበኛው ግን ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ አገሩ ወደ ጎጃም ሄዶ ስለ ነበር ነገሩን የሚነግረው አልተገኘም።

ያለ ምክንያት የሚጮኸውም ደወል ከማይጮኸው አይሻልም። በአሜሪካ ለፖሊስ ከሚደርሰው የደወል ጥሪ ከዐሥሩ ዘጠኙ በላይ ሐሰት ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ ከእ.ኤ.አ. 2000 መጨረሻ ጀምሮ ሰው በዓይኑ አይቶ ካላረጋገጠ በስተቀር በደወል ብቻ አልመጣም ብሏል። በእንግሊዝ አገርም በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በሐሰት ፖሊስ ያስጠራ ቤት የፖሊስ እርዳታው ሊቋረጥበት ይችላል። በእኛ አገር ደወሉ በጮኸ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ አንድ ሌሊት ዱላውን ይዞ ይወጣል፣ በሁለተኛው በመስኮት ያያል፣ በሦስተኛው ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ይኸን ጎረቤት የምንወቅስበት አፍ የለንም።

ከባልደረቦቼም ነውር የሚሠሩ አሉ። በሽቦው መጨረሻ፣ ከበሩ ዘንድ መግባት የሚገባው ሬዚስተር የተባለ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ሣጥኑ ሽቦው መቆረጡን ወይም ሆን ተብሎ መገናኘቱን የሚለየው በርሱ ነው። አንዳንዱ ተካይ መሰላል ላለመውጣት ሲል ሬዚስተሩን እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ያስረዋል። ደወሉ ሲሞከር ይሠራል፤ ባለቤቱም ይከፍላል። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ላይ ሁለቱን ሽቦ ልጦ ለሚያገናኝ ሰው በሩ ክፍት ነው፤ ሣጥኑ ምንም አያውቅም። የምስጢሩንም ቁጥር ከፋብሪካው እንደ መጣ 1234 አድርገው ትተው የሚሄዱ አሉ።

የሚገርመኝ ነገር፣ ዘበኛ ስንቀጥር ዋስ እንጠይቃለን፤ የትኛው መስኮት ደወል እንደሌለው፣ ሽቦው በየት እንደሚያልፍ፣ ቁጥሩ ስንት እንደ ሆነ ለሚያውቀው ለደወል ተካይ ግን ስሙን እንኳ በወጉ አንጠይቅም። እኔ የምለው፣ ተካዩ መታወቂያውንና ዋሱን ያቅርብ፤ የሽቦውን አካሄድ በወረቀት ሥሎ ለባለቤቱ ያስረክብ፤ ባትሪው የገባበትን ቀን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ቁጥሩንም ባለቤቱ ራሱ ሲቀይር ተካዩ ፊቱን ያዙር። የሙያ ማሠልጠኛ ተቋሞቻችንም ይኸን ሥራ የኤሌክትሪክ ሥራ ጭራ አድርገው ሳይመለከቱት፣ ተተክሎ የቆየ ደወል ፈትሾ መጠገንን በብቃት ማረጋገጫው ፈተና ቢያስገቡት ይበጃል።

የዓመት ጥገና ክፍያ ሠራተኛው ገንዘብ የሚበላበት ሰበብ ነው የሚሉ እንዳሉ ዐውቃለሁ። በርግጥ መሣሪያውን በጨርቅ ወልውሎ ገንዘብ የሚቀበልም አለ። ስለዚህ ባለቤቱ አብሮ ይቁም፤ መብራቱ ጠፍቶ በባትሪ ብቻ ይጩኽ፤ እያንዳንዱ በርና መስኮት ተራ በተራ ይከፈት፤ ስልኩ ይደወል። ይኸን ሁሉ በዓይኑ ካላየ አይክፈል።

ጥገናውን ለማስጀመር የሠራተኛ መምጣት እንኳ አያስፈልግም። ደወል ያለው ሰው ዛሬ ማታ ለጎረቤቱ አስታውቆ፣ ደወሉን እንደ ልማዱ ሠርቶ፣ የቆጣሪውን ማጥፊያ ያውርድ፤ አንድ ሰዓት ቆይቶም በሩን ይክፈት። ካልጮኸ የተከለለትን ሰው በማግስቱ ይጥራው።

አንድ የደወል ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ