ሾተላይ የሚባለው ስም ስንቱን ሞት ሸፈነ?

ሮብ ገበያ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ፅንስ የጠፋባት ሴት ስሟ ወዲያው ይወጣል፦ ሾተላይ አለባት። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። ዘመድ ባልየውን ሌላ አግባ እያለ ይመክራል፣ እሷ አንገቷን ትደፋለች። የሆነውን ሊናገር የሚችለው የእንግዴ ልጅ ግን በዚያው ቀን ተቀብሯል።

ሐኪም ሾተላይ የሚለው የእናትና የፅንስ ደም አለመስማማትን ነው፤ እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ ፅንስ ፖዘቲቭ ሲሆን። ደሟ ፖዘቲቭ የሆነች ሴት በዚህ አትያዝም። ታዲያ ደሟን ሳያስመረምር ማነው ስሙን የለጠፈባት?

የእንግዴ ልጅ ጊዜው ሲደርስ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የእናት ደም በደንብ ያልደረሰው ያንሳል። ሲቆረጥ ደም አጥቶ የሞተ ጠንካራ ቦታ ይገኝበታል፤ ትኩሱ ቀይ፣ የቆየው ነጣ ያለ። የረጋ ደምም ይታያል። በዘር የሚወረስ የደም መርጋት ችግር ባለባቸው እናቶች ላይ ይህ ተገኝቷል። ግን የደም ግፊት ባለባቸውም እንዲሁ ነው።

ይህን የሰማ የከተማ ሰው ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል። "ደምሽ ይረጋል" ተብላ፣ በሬ አሸጣ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሄፓሪን የምትወጋ አለች። በ1994 (እ.ኤ.አ.) የታወቀው ፋክተር ፋይቭ ላይደን በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ፣ በአፍሪካ ግን ብርቅ ነው። በ2023 ላንሴት ላይ የወጣው አላይፍ 2 ጥናት ደግሞ ችግሩ በምርመራ የተረጋገጠባቸውንና ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ፅንስ የጠፋባቸውን ሴቶች ተከታተለ። መርፌውን ከወሰዱት 72 በመቶ፣ ካልወሰዱት 71 በመቶ በሕይወት ያለ ልጅ ወለዱ። ያው ነው! (እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት የሚያውቅ እናት ጉዳይዋ ሌላ ነው፤ ለእሷ መርፌው ለራሷ ሕይወት ነው።)

የግፊት ምልክት የተገኘባት እናት ግን ርካሽ መላ አላት። የዓለም ጤና ድርጅት የእርግዝና ግፊት በብርቱ ለሚያሰጋት ሴት ከ20 ሳምንት በፊት የሚጀመር 75 ሚሊ ግራም አስፕሪን ይመክራል። ሐኪም ይህን እንዲያዝላት ግን ባለፈው ምን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ያስፈልጋታል።

ሮብ ሮብ ድንች በኪሎ ይመዘናል። ሞቶ የተወለደ ሕፃን የእንግዴ ልጅ ለምን አይመዘንም? ሚዛን፣ ቢላዋ፣ በካርዱ ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ፤ ጥርጣሬ ካለ ቁራጩ በፎርማሊን ወደ ደብረ ማርቆስ። መቅበሩ ወግ ነው፣ ማንም አይከለክልም። ታይቶ ይቀበር።