«አፍዝዘው ወሰዱብኝ»



ጦር ኃይሎች፣ የቀላል ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አጠገብ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይህን ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። «ዓይን ዓይኗን አይተው ወርቋን አስወለቋት»፣ «ወረቀት አሽትተው አደነዘዙት»። ድሮ አፍዝ አደንግዝ ይባል የነበረው ዛሬ በወጣቶቻችን አፍ ሂፕኖቲዝም ሆኗል። ስሙ ተለወጠ እንጂ እምነቱ ያው ነው።

በቅርቡ አንዲት የሰፈራችን እናት የሰርግ ወርቃቸውን እንዲሁ አጡ። ባለቤታቸው «አንቺው ነሽ አውጥተሽ የሰጠሻቸው» አሉ፤ ልጆቻቸው «አፍዝዘዋት ነው» አሉ። እኛ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ እንዲነግሩን ለመንናቸው። መጀመሪያ አንድ ትሑት ወጣት ሰላምታ አቅርቦ የሐኪም ቤት መንገድ ጠየቃቸው። አብረው ሲራመዱ ሌላው የተጠቀለለ ገንዘብ ከመሬት አነሳና «ሦስታችንም አይተናል፣ ለሦስት ነው» አለ። ወዲያው ሦስተኛው ደርሶ «ብሬ ወድቆብኛል፣ ልፈትሻችሁ» እያለ ያለቅስ ጀመር። ወጣቱ በሹክሹክታ «እማማ፣ ወርቅዎን ካየ የኔ ነው ይላል፣ በዚህ መሐረብ ይቋጥሩት» አላቸው። ቋጠሩት። «ላጥብቀው» ብሎ ተቀብሎ መለሰላቸው። ቤት ገብተው ሲፈቱት ጠጠር ነው።

የትኛው ላይ ነው ማፍዘዙ? ያጣደፋቸው፣ ያስፈራቸው፣ ያሳፈራቸው ሰው ነበር። «ለሦስት ነው» ሲባል ዝም ማለታቸውን ለባለቤታቸው አልነገሩም ነበርና «አፍዘዙኝ» የሚለው ቃል ይህን እፍረት ሸፈነላቸው። ሌባውንም አብሮ ሸፈነው። በማግስቱ «መተቱን እፈታለሁ» የሚል ክታብ ጸሐፊ ገንዘብ ተቀበላቸው፤ ይህ ሁለተኛው ስርቆት ነው።

እውነተኛው ሂፕኖሲስ ሌላ ነገር ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስመር የተባለ ሐኪም ከሰውነቴ በሚፈልቅ ማግኔታዊ ኃይል እፈውሳለሁ ብሎ ፓሪስን አናወጠ። በ1784 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ያቋቋመው፣ ፍራንክሊንና ላቭዋዚዬ የነበሩበት መርማሪ ጓድ ግን ኃይሉ በሰውየው ሳይሆን በታካሚዎቹ ምናብ ውስጥ መሆኑን ደረሰበት። በ1840ዎቹ ብሬድ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም ስሙን እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል አወጣለት። ስሙ አሳሳች ነው፤ ሰውየው አይተኛምና። ፈቅዶ፣ ተዝናንቶ፣ ሐሳቡን በአንድ ነገር ላይ ሰብስቦ የባለሙያውን ቃል ይከተላል። ለአንዳንዱ በቀላሉ ይሆንለታል፣ ለአንዳንዱ ጭራሹን አይሆንለትም። መድረክ ላይ ሰው እንደ ዶሮ የሚያስጮኸው ተጫዋችም በቅድሚያ እሺ ባዮቹን ከተመልካቹ መካከል ይመርጣል። የብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር በ1955 እ.ኤ.አ. ለሕመም ማስታገሻነት ጭምር ተቀብሎታል። የተረሳ ነገር ያስታውሳል የሚባለው ግን አደገኛ ነው፤ ያልነበረውን እንደነበረ አድርጎ ሊተክል ይችላል። መንገድ ላይ የቆመን እንግዳ በአንድ እይታ ፈቃዱን መንጠቅ ከዚህ ሙያ ውስጥ የለም።

«ታዲያ ሲሕርን ልትክዱ ነው?» የሚሉን ይኖራሉ። አዑዙ ቢላህ! የፊርዐውን ድግምተኞች በሰዎች ዓይን ላይ ያደረጉትን በሱረቱል አዕራፍ እናነባለን። ጂን ጠርቼ እሠራለሁ የሚል ሰው ሥራም ሐራም ለመሆኑ ክርክር የለውም። ሲሕር መኖሩ ግን ኪስ የገባን እጅ ሁሉ ሲሕር አያደርገውም። ጠዋትና ማታ ዚክር እንላለን፣ ቦርሳችንንም እንዘጋለን።

አንድ ነገር እንለይ። በጁስ ወይም በምግብ የሚሰጥ ማስተኛ መድኃኒት እውነት ነው። የሚንገዳገድ፣ የሆነውን የማያስታውስ ሰው ካጋጠመን ያለ መዘግየት ሐኪም ቤት እንውሰደው። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ምርመራው ለነገ አይባልም።

እኚያ እናት በመጨረሻ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ተረኛው ሲጠይቃቸው የወጣቱን ጃኬት ቀለም፣ የመሐረቡን ጥለት፣ ማን ቀድሞ ምን እንዳለ አንድ በአንድ ተናገሩ፤ «ለሦስት ነው» የሚለውንም ጭምር። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።