በእምነት ሙግት ላይ ዳኛ አትሁኑ

እኩዮቼ ሆይ! በየቀበሌው የቅሬ መሪ፣ የዕርቅ ሽማግሌ ተብላችሁ የተከበራችሁ የወሎ ሰዎች፣ ይህ ቃል ለወጣቶች ሳይሆን ለእናንተ ነው። በየአደባባዩም በየስልኩም የሃይማኖት ሙግት በዝቷል። «አፋጠጠው፣ አሳፈረው፣ ረታው» እየተባለ ይጨበጨባል። ሽበት ያለው ሰው ከአጨብጫቢው መካከል ሲቀመጥ ቦታው ሸንጎ፣ እርሱም ዳኛ ይሆናል። ልጆቻችን የሚያዩት የእኛን ፊት ነው፤ እኛ ፈገግ ካልን ስድቡ ተፈቅዷል ማለት ነው።

በሃይማኖት መነጋገር ነውር ነው አልልም። የአንድምታ መምህራን ለአንዱ ንባብ ብዙ ትርጓሜ ይዘው ሁሉንም ያስተምራሉ፤ ደቀ መዝሙሩም ይጠይቃል። በጌታም በዳናም የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ደረሳው ሸኹን እየጠየቀ ኪታብ ሲቀራ ኖሯል። ክርክር ዕርቅ ያመጣበት ጊዜም አለ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በማለታቸው ለመቶ ዓመት ያህል ተገፍተው ኖረዋል። በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ቀናት እንዲከበሩ ተወሰነ፤ የተገፉትም ከጳጳሳቱ ክህነት ተቀበሉ። ተከራካሪዎቹ የአንድ መጽሐፍ ልጆች ነበሩና መታረቂያ ነጥብ አላጡም። ይሁን እንጂ ያንን ጉባኤ የመሩት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት በጭካኔ አሳድደዋል። ዕርቁ የተገኘው በንጉሥ ፈቃድ ነበር፤ ፈቃዱ ላልደረሳቸው ደግሞ ቅጣት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያስፈራል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንና የአገሩ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ተከራከሩ። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል አዘዙ፤ ክርክሩ ወደ ጦር ሜዳ ወረደ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ካመፀው የላስታ ሰው በሺህ የሚቆጠር ካለቀ በኋላ ንጉሡ የቀደመውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀው አዋጁ ሊሻር ኖሯል።

የእኛ ምድር ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። ከደሴ አጠገብ ባለችው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ስለ ክርስቶስ ልደት የሚለያዩትን የሁለት ልደትንና የሦስት ልደትን ሊቃውንት አከራከሩ። በዚያው ዓመት የሸዋው ምኒልክ በልቼ ለዮሐንስ ገብረው ነበር፤ በሸዋ ደግሞ የሦስት ልደት ትምህርት ብዙ ተከታይ ነበረው። እንግዲህ ከመናገራቸው በፊት ማን እንደሚረታ የማያውቅ ነበርን? የሁለት ልደቱ ተዋሕዶ ረታ ተባለ፤ እምቢ ያሉት ተቀጡ። ነገሩ በካህናቱ መካከል አልቀረም። የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሸኽ ጠልሃ እምቢ ብለው ተዋጉ። ብዙው ተሰደደ፤ የቀረውም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ ይባላል።

ያ ጉባኤ ጥርጣሬን እንኳ አላጠፋም። የራስ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ በ1909 ዓ.ም. መስከረም ከዙፋን ሲወርዱ ከቀረበባቸው ክስ ዋናው «ሰልመዋል» የሚል ነበር። በተከታዩ ወር አባትየው ለልጃቸው ሲዋጉ በሰገሌ ተሸነፉ፤ ሜዳውም በሬሳ ተሸፈነ። አባቱ በአዋጅ የተጠመቀ ሰው፣ ልጁ በእምነቱ ተከሰሰ። በግዳጅ የተገኘ ቃል የሚያምነው የለም፤ ተናጋሪውም፣ አስገዳጁም አያምኑትም።

ስለዚህ የእምነት ክርክር ሲጠራ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህ ይሁን፦ የተረታው ሰው ምን ያጣል? ክብሩን፣ ሥራውን፣ ጎረቤቱን፣ ቤቱን የሚያጣ ከሆነ ነገሩ ክርክር አይደለም፤ ፍርዱ አስቀድሞ የተጻፈ ክስ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ተናጋሪው የባላንጣውን እምነት፣ ባለቤቱ ራሱ «አዎ፣ የማምነው ይህንን ነው» በሚልበት አኳኋን መግለጽ ይችላል? ካልቻለ የሚሞግተው ራሱ ከፈጠረው ሰው ጋር ነው። ለሁለቱም ጥያቄ በጎ መልስ ያለው ንግግር ካገኛችሁ አትፍሩት። ማንም እምነቱን ባይለውጥበት እንኳ ሰው ሰውን ያውቅበታል።

ሌላም ጥፋት አለ፤ እርሱም ዝም ማሰኘት ነው። ልጅ «አባባ፣ እነርሱ ለምን እንዲህ ያምናሉ?» ብሎ ሲጠይቅ የምንቆጣው ስለማናውቅ ነው። ቤት ውስጥ የተቆጣነው ልጅ መልሱን ከተሳዳቢ ይሰማል። ወደ ሸኹ ወይም ወደ መሪጌታው ውሰዱት፤ በጨዋ ደንብ ይጠይቅ፣ ይመለስለት።

እኩዮቼ፣ ያለን ሀብት አንድ ነው፤ እርሱም መታመናችን ነው። ደም ሲፈስ አስታራቂው አበጋር የሚጠራው፣ ቄሱና ሸኹ አብረው የሚቆሙት፣ ገዳይና የሟች ዘመድ ቃላችንን የሚሰሙት ለአንዱ ወገን ስላላደላን ነው። ቅሬያችን ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ይቀብራል። ትናንት በአንዱ እምነት መዋረድ ሲያጨበጭብ የታየ ሽማግሌ ግን ነገ ጠብ ሲነሳ በየትኛው ፊቱ መሐል ይገባል? ማን ያምነዋል? ገላጋይ በሌለበት አገር ደግሞ ትንሹ ቃል እሳት ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም።

አደራ እላችኋለሁ። ስድብ ከተጀመረበት ሸንጎ ተነሱ፤ ስትነሱም ልጆቻችሁ ይዩአችሁ። በራሳችሁ ወገን የተሰደበውን የሌላውን እምነት ራሳችሁ ተከላከሉለት፤ የሌላው ወገን ሽማግሌም ለእናንተ እንዲሁ ያድርግ። በሰው ልብ ላይ የሚፈርድ ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ያንን ወንበር ልቀቁለት።