እናቱስ የት ናት?

ዛሬ ከወትሮው የግጥም ጨዋታ ወጣ ብዬ የቤቴን ጉዳይ ይዤ ቀርቤአለሁ። የቤት ገመና አደባባይ አይውጣ የሚለውን የአበው ምክር ዘንግቼው አይደለም። በቤቴ ውስጥ የተማርኩት ነገር ስለምንጽፈውና ስለምናነበው ግጥምም የሚናገረው ያለ ስለመሰለኝ ነው።

ባለቤቴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ከመስቀል በዓል ማግሥት መሥሪያ ቤቷ ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ ጎንደር ላካት። ስትሄድ ሴቷ ልጃችን ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ወንዱ ገና የሰባት ወር ሕፃን ነበር። እኔ ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ሲመሽ ደግሞ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝ። በነዚህ ወራት ግን የቆጠርኩት ሌላ ነው፤ የጡጦውን ልክ፣ የትኩሳት መለኪያውን ቁጥር፣ በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ።

ቀኑ የሚጀምረው ሌሊት በዐሥር ሰዓት ነው። ታናሹ ይነቃል። ውኃ ይፈላል፣ ይበርዳል፣ የዱቄት ወተቱ ይበጠበጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ጡጦውን በምላሱ እየገፋ ፊቱን ወደ ደረቴ ያዞር ነበር፤ የሚፈልገውን አጥቶ ቀና ብሎ ሲያየኝ ያለው ዐይኑ እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም። መብራት የጠፋ ዕለት በሻማ ብርሃን ከሰል አያያዝኩ እያለሁ ታላቂቱ ትነሣለች፤ የእናቷን ነጠላ ካልጨበጠች አትተኛምና ነጠላው የት እንደወደቀ አብረን እንፈልጋለን። አንድ ሰዓት ላይ ሞግዚቷ ትመጣለች። ሁለት ሰዓት ላይ እኔ በቅርንጫፉ መገኘት አለብኝ፤ በመካከሉ የታክሲ ሰልፍ አለ።

ማታ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነው። ሞግዚቷ የማታ ትምህርት ስላላት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መውጣት ይኖርባታል። ባንክ ውስጥ ግን የቀኑ ሒሳብ ሳይገጥም ማንም ንቅንቅ አይልም። አንድ አርብ ሁለት መቶ ብር ጎደለብኝ። በደህናው ጊዜ ቢሆን ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አገላብጬ ስሕተቱን ሳላገኝ አልነሣም ነበር፤ የዚያን ዕለት ከኪሴ ተክቼ ሮጥኩ። ሞግዚቷ ደብተሯን አቅፋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ ፈተና ነበረኝ» አለች እንጂ ሌላ ቃል አልተናገረችም። በቤታችን ውስጥ የማን ጊዜ ለማን ጊዜ መሥዋዕት እንደሚሆን በቅጡ ያሰብኩበት የመጀመሪያ ቀን ያ ነበር።

ይህን ስል ብቻዬን ተራራ ገፋሁ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሞግዚቷ አለች። አጥሚት ሠርተው በፔርሙስ የሚልኩልኝ ጎረቤታችን እማማም አሉ። ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ቢኖር እኔ አይደለሁም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኅዳር ላይ ታናሹ ዘጠኝ ወር ሞላውና ለኩፍኝ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። በሰልፉ ውስጥ ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «እናቱስ የት ናት?» አለችኝ። ክትባት የምትሰጠውም ነርስ ይህንኑ ጠየቀች። ከጎኔ የተቀመጡት እናትም እንደዚያው። «ለሥራ ጎንደር ሄዳለች» ስል እኒህ እናት ከንፈራቸውን መጠጡ። «ይህን የመሰለ ሕፃን ጥላ? ምን ዓይነት አንጀት ነው!» አሉና፣ ወዲያው ወደ እኔ ዞረው «አንተ ግን ተባረክ ልጄ፤ እንዳንተ ያለውን አባት ያብዛልን» ብለው መረቁኝ። ሌሎቹም አሜን አሉ። «ወንድ ልጅ ሕፃን ይዞ እንዴት ይሰለፋል፣ አሳልፉት» ተባለና ከፊት አደረጉኝ።

ከቀደምኳቸው ሴቶች አንዷ ሕፃን አዝላለች፤ ሌላውን በእጇ ይዛለች፤ ከእኔ በፊት እንደመጣች ዐውቃለሁ። እርሷን ማንም ተባረኪ አላላትም። ማንም አሳልፉት አላለላትም። እኔም አመስግኜ አለፍኳት። አዎን፣ አለፍኳት። ልጄ ተከትቦ ሲያለቅስ እያባበልኩ ስወጣ እርሷ አሁንም እዚያው ቆማ ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ይህች ናት፦ በባህላችን ለእናት የሚሰጠው ውዳሴ የድካሟን ድርሻ ላለመካፈል የምንከፍለው ርካሽ ዋጋ ሆኗል ባይ ነኝ።

ነገሩን ከቋንቋችን ልጀምር። በአማርኛ «እናት» ያልተቀጠለበት የክብር ነገር የለም። አገር እናት ናት። ዋናው መሥሪያ ቤት እናት መሥሪያ ቤት ነው። የሚወዱትን ሰው «እናት ዓለም» ብለው ይጠሩታል። ነገር ግን በዚያው ቋንቋ ባለጌን ስንሰድብ «ሴት ያሳደገው» እንላለን። ልብ በሉ፤ ያ ስድብ የሚያርፈው በጠፋው አባት ላይ አይደለም፤ ተቀምጣ ባሳደገችው እናት ላይ ነው። በአንድ አፋችን የምናነግሣትን በዚያው አፋችን እናዋርዳታለን። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» ያለው ተረት ቤቱን ለሁለት ከፈለ፤ ግጥማችን ደግሞ ማጀቱን በአበባ አስጊጦ ወደ ችሎቱ ተመለሰ።

ይህን የምለው ከሌሎች ገጣሚያን ተለይቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ እናትን የሚያወድስ ግጥም አንብቤአለሁ። ማሕፀኗን ከሰማይ፣ ጡቷን ከምንጭ፣ እንባዋን ከጠል ያመሳሰልኩበት ግጥም ነበር። ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ፤ አንድ አዛውንት ዐይናቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አይቻለሁ። ሌሊቱ ሲጋመስ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ሆድ ቁርጠት የያዛትን ልጃችንን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች ነበር። «እንዴት ነበር ግጥሙ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተወደደ» አልኳት። ከዚያም ነገ ሥራ አለኝና ተኛሁ። እርሷም በነጋታው ሥራ ነበራት። ያን ግጥም ዛሬ አውጥቼ ሳነበው ስንኙ አይከፋም፤ የጎደለው ገጣሚው ነው።

ከእናት ግጥሞቻችን ውስጥ ስንቱ ስለ ታጠበ ሽንት ጨርቅ ይናገራል? ስንቱስ በአንድ እጅ ልጅ ታቅፎ በሌላው ገንፎ ስለማማሰል? ስንቱ እናት ተሰላችታ፣ ተቆጥታ፣ «በቃኝ» ብላ ያሳያታል? በግጥማችን እናት አትደክምም፤ ብትደክምም ደስ እያላት ነው። መከራዋን ጠባይዋ አደረግነው። መከራ ጠባይዋ ከሆነ ደግሞ ማገዝ ምን ያደርጋል? ለወንዝ ፍሰቱን ማን ያግዘዋል?

ከግጥም ወደ ቁጥር ልሻገር፤ ሙያዬ ነውና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ 30ው ከመውለዷ በፊት፣ 90ው ከወለደች በኋላ። በ1996ቱ አዋጅ ጠቅላላው 90 ቀን ብቻ ነበርና መሻሻሉ የሚካድ አይደለም። ለአባት የተሰጠው ግን 3 ቀን ነው። ሐኪሞች ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት በቀር ውኃም ቢሆን እንዳይቀምስ ይመክራሉ፤ የእናቲቱ ፈቃድ የሚያልቀው በሦስተኛው ወር ነው። ቀሪው ሦስት ወር በማን ሒሳብ እንደተመዘገበ አዋጁ አይናገርም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል ናቸው አለን፤ ሌላው አዋጅ ደግሞ ልጅ ሲወለድ አባትን በአራተኛው ቀን ወደ መስኮቱ መለሰው። እኔም ሁለቱንም ጊዜ በአራተኛው ቀን ተመልሻለሁ። ደስ ብሎኝ መመለሴንም አልደብቅም፤ ባንኩ ውስጥ ጸጥታ ነበር።

ከዚያ መስኮት ጀርባ ሆኜ ለዓመታት የታዘብኳቸው ሌሎች አባቶችም አሉ። ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩት፣ ከኩዌት ሚስቶቻቸው የላኩትን ሐዋላ የሚቀበሉ፣ ሕፃን ታቅፈው መታወቂያቸውን የሚዘረጉ። የሚስቶቻቸው እጅ በሰው አገር የሰው ልጅ ያጥባል፤ የነርሱ እጅ እዚህ የገዛ ልጃቸውን። እነዚህን ሰዎች በልቤ «ሚስቱን ልኮ የሚበላ» ብዬ የናቅሁባቸው ቀኖች እንደነበሩ መናገር ያሳፍረኛል። ከመካከላቸው ልጁን በሌሊት ተነሥቶ የሚያባብል እንዳለ አንድም ቀን አልታሰበኝም ነበር። ሚስቲቱን «ጥላ የሄደች»፣ ባልየውን «ተቀምጦ የሚበላ» ብለን ስንሰይም፣ ሁለቱም የሚሠሩት ሥራ ስም አጥቶ ቀረ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደኝን ልናዘዝ። ባለቤቴ በሄደች በሃያኛው ቀን ገደማ ታናሹ ታመመ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትኩሳቱ 39 ደረሰ። በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁት ስልክ ደወልኩላት። ምን ላድርግ ብዬ አልጠየቅኋትም። «ሥልጠናው ይቅርብሽ፤ ነይ» ነው ያልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ሲነጋ አውቶቡስ እይዛለሁ» አለችኝና ቀጠለች፤ «ግን እኔ ደውዬልህ ቢሆን ትመጣ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለቅርንጫፍ ሥራ ደሴ ተልኬ ሳለሁ ልጃችን በሳንባ ምች ታማ ተኝታ ነበር። ባለቤቴ የነገረችኝ ከዳነች በኋላ ነው። «ሥራህ ላይ ሐሳብ እንዳይገባህ ብዬ ነው» አለችኝ። ያኔ ይህን ሰምቼ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ደግነቷ ልቤን ነክቶት ግጥም ጻፍኩላት።

በዚያ ሌሊት «አትምጪ፤ ጠዋት ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ» አልኳት። ወሰድኩት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። እርሷ እንደ እናት አልጨነቃትም ማለቴ አይደለም፤ በየሰዓቱ ትደውል ነበር። እኔም ጀግና አልሆንኩም፤ እርሷ ስንት ጊዜ ብቻዋን ያደረገችውን አንድ ጊዜ አደረግሁ።

«ታዲያ እናትን አናወድስ ነው የምትለን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። የእናትና የሕፃን ትስስር ከሌላው የሚለይ መሆኑንም አልክድም፤ ጡጦውን በምላሱ ሲገፋብኝ በዐይኔ አይቼዋለሁና። የምለው ሌላ ነው። እናት በማጥባት የምትቀድመን እውነት ቢሆንም፣ ማጠብን፣ ማባበልን፣ ማብሰልን፣ ክትባት ቀን ማስታወስን ተፈጥሮ ለእርሷ ብቻ አልሰጠም። እነዚህን የሰጠናት እኛ ነን፤ ከዚያም በግጥም ማኅተም አጸደቅነው። ውዳሴ ድርሻውን በተወጣ ሰው አፍ ሲሆን ምስጋና ነው። ድርሻውን ባልተወጣ ሰው አፍ ግን ዕዳን በቃል የመክፈል ብልሃት ነው፤ ባንክ ቤት እንዲህ ያለውን ክፍያ አንቀበልም።

ባለቤቴ ልትመለስ ዐሥር ቀን ቀርቷታል። ልጃችን በየማታው አንድ ጣት እያጠፈች ትቆጥራለች። እኔ የምፈራው ግን ከተመለሰች በኋላ ያለውን ነው። ልማድ እንደ ቆየ ሒሳብ ነው፤ ካልተዘጋ ወለዱ ይቀጥላል። በመጀመሪያው ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ ማናችን ቀድመን እንደምንነሣ፣ የቀጣዩን ክትባት ቀን ማን እንደሚያስታውስ፣ ሰው ስለ እኔ «ጎበዝ አባት» ሲል ዝም እንደምል ወይም እንደማልል፣ የነዚህ ሦስት ወራት ትርጉም የሚለየው ያኔ ነው። «እናቱስ የት ናት?» የሚል ጥያቄ ደግሞ ሲገጥመኝ መልሴን አዘጋጅቻለሁ፤ «ሥራ ላይ ናት፤ አባቱ እዚህ አለ።» ወረፋዬንም ከኋላ እይዛለሁ።

ለስንብት ያህል፣ ውኃ እስኪፈላ ስጠብቅ የቋጠርኳትን ትንሽ ግጥም እነሆ፦

ስምሽን ከሰማይ ከፍ አላደርገውም፣
ስንኝ ያደፈን ጨርቅ አጥቦ አያሰጣውም፤
ሌሊት ልጅ ሲያለቅስ ቀድሜሽ ልነሣ፣
ይሁንሽ ላለፈው የዘገየ ካሣ፤
አንቺ ተኚ ዛሬ፣ እኔ ነኝ ባለተራ፣
ፍቅር ስሙ ብዙ፣ አንዱ ስሙ ሥራ።

ቸር ይግጠመን።