የሕንድ መሪዎች ልብስና የሸማኔው እንጀራ

ልብስ ገላን ከብርድና ከፀሐይ ለመሸፈን ብቻ የተሠራ ነገር አይደለም። በሕዝብ ፊት የሚቆም ሰው ገና ሳይናገር ልብሱ ስለ እርሱ ይናገራል። ይህንንም የሕንድ መሪዎችን ያህል ጠንቅቆ የተረዳ እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን ልብሱ የተናገረውን ለባሹ ካልፈጸመው፣ የአገር ልብስ ከጌጥ አያልፍም።

ማሕተማ ጋንዲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. በመስከረም ወር በማዱራይ ከተማ ሳሉ፣ ቀድሞ ይለብሱት የነበረውን ትተው እንደ ድኻው ገበሬ በአጭር ሽርጥ ለመኖር ቈረጡ። የሕንድ ጥጥ ወደ እንግሊዝ አገር ተጭኖ ይሄድና በላንካሻየር ፋብሪካዎች ጨርቅ ሆኖ ሲመለስ፣ ትርፉ ለባዕድ ይሆናል፤ ድኽነቱ ለአገሩ ፈታይና ሸማኔ ይተርፍ ነበር። ስለዚህ በእጅ ተፈትሎ በእጅ የሚሸመነው ካዲ የተባለው ጨርቅ የነጻነት ትግል ምልክት ሆነ።

ነገሩም በምልክት ብቻ አልቀረም። በ1924 ዓ.ም. መጨረሻ የሕንድ ብሔራዊ ኮንግሬስ ለአባልነት በየወሩ 2000 ያርድ የእጅ ፈትል መዋጮ እንዲገባ ወሰነ። ደንቡ ብዙ ሳይቈይ ቢላላም፣ ካዲ ለብሶ የሚናገር ሁሉ የፈታዩን ድካም እንዲቀምስ የታሰበ ነበር።

ይሁን እንጂ እውነተኛው የሕዝብ ወዳጅ ካዲ ለባሹ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ዶክተር አምበድካር፣ «የማይነኩ» ተብለው ከሚናቁት ወገን የተወለዱ ሲሆኑ፣ በአደባባይ የሚታዩት ብዙውን ጊዜ በሙሉ ልብስና በከረባት ነበር። ያማረ እንዳይለብስ በልማድ ለተከለከለ ወገን የድኻ ልብስ መልበስ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያ ሙሉ ልብስ ግን የእኩልነት ጥያቄ ነበረ።

በ2014 ዓ.ም. በቼናይ ከተማ አንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ቬሽቲ የተባለውን ነጭ ሽርጥ በመልበሳቸው ወደ አንድ ክበብ እንዳይገቡ ተከለከሉ። የታሚል ናዱ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ሕግ አውጥቶ፣ እንዲህ ያለውን ክልከላ የሚፈጽም እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 25,000 ሩፒ መቀጮ እንዲቀጣ ደነገገ።

የለባሹ ክብር በዚህ ተጠበቀ፤ የሸማኔውስ? የሕንድ ሰንደቅ ዓላማ ከእጅ ፈትል ከተሸመነ ካዲ እንዲሠራ የሚያዘው ደንብ በ2021 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ተሻሽሎ፣ በመኪና የተሠራና ከፖሊስተር የሆነም እንዲፈቀድ ተደረገ። ሰንደቅ ዓላማውን በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች እንጀራችን ተነካ ብለው አቤቱታ አሰሙ። አዲሱ ሰንደቅ በርካሽ ዋጋ ለብዙ ቤት ይደርሳል የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም አይባልም። ነገር ግን መሪው በእጅ የተሸመነ ለብሶ በቆመበት አደባባይ፣ ከበላዩ የሚውለበለበው ጨርቅ የፋብሪካ ሥራ ከሆነ፣ ልብሱ የሚናገረውና መንግሥቱ የሚገዛው ተለያይቷል።

ስለዚህ የአገር ልብስ ክብር የሚመዘነው በሸማኔው ደመወዝ ነው። ባለሥልጣኑ የለበሰውን ጨርቅ ለመሥሪያ ቤቱም ቢገዛ፣ ነጋዴውም የመኪናውን ሥራ የእጅ ሥራ ነው ብሎ ባይሸጥ፣ ያን ጊዜ ልብሱ እውነት ተናገረ ይባላል።